የግራ ጉንጬ ሸማኔዎች

ሊነጋጋ ሲል ያየሁት ሕልም የጀመረው በድምፅ ነው። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። የሚታይ ነገር የለም፤ ጨለማ ነው፤ ድምፁ ብቻ አለ። በሕልሜ ውስጥ ሆኜ «ይሄማ መወርወሪያ ነው» አልኩ። የምሠራው ሽሮ ሜዳ፣ ክር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ጠቅ ያለ ነገር ሁሉ ለእኔ የሸማኔ መወርወሪያ ነው።

ከዚያ ብርሃን መጣና መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

መንገዱ የማውቀው የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ነው፤ ሁሉ ነገር ግን ተገልብጧል። አህዮች ጋሪ ላይ ተቀምጠው ሰዎች ይጎትቷቸዋል። አንዷ አህያ የሚጎትታትን ሰውዬ «ቀስ በል፣ ወገቤን» አለችው፤ እሱም ይቅርታ ጠየቃት። ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ረጃጅም ሲጋራዎች ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቡናማ ጫማ አድርገው ተሰልፈዋል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ሰው እያወረደ ይሰጣቸዋል። ሙሉ ቤተሰብ በፓኮ የሚገዛም ነበር፤ አብዛኞቹ ግን እንደኛው በፍሬ ነው የሚገዙት። አንዱ ሲጋራ «አንድ ፍሬ ሰው ስጠኝ፣ ቀጭን ይሁን» አለ። የወረደለት ሰውዬ ግንባሩ ላይ «ሰው ማጨስ ለሲጋራ ጤና ጠንቅ ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሲጋራው ሳያነበው ጸጉሩን ለኮሰው። ሰውዬው ቅርም አላለውም፤ በአጠገቤ ሲያልፍ «እኔስ ስንቱን ለኩሻለሁ» አለኝ።

ባለሱቁ እኔንም ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ተራ የደረሰው ሲጋራ ግን አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄኛውን ተወው፤ ማንጎ ማንጎ ይላል።»

እውነቱን ነው። ቬፕ የሚሏትን የባትሪ ሲጋራ መሳብ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ነው ያስለመደኝ። እስክሪብቶ የምታክል ናት፤ ስትሳብ ጫፏ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ማንጎ ማንጎ የሚል እንፋሎት ይወጣታል። ልጁ እሳት የለው፣ አመድ የለው፣ እንፋሎት ነው አለኝ፤ አመንኩት። ብቻዬን ስለምኖር ያቺ መብራት ስትበራ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ደግሞም ራሴን አጫሽ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ለእኔ አጫሽ ማለት የግቢያችን ጎረቤት ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ሲጋራ ተሰክቶ ያላየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ በየጠዋቱም እሳት ፍለጋ ደጄ ላይ ይቆማሉ። ሲያስሉ የግቢው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ቬፔን ኪሴ ውስጥ ደባብሼ «ተመስገን» እላለሁ።

ይህን ሳስብ አስፋልቱ ኮሪደር ሆነ። የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሠራተኞቹ ማኅተማቸውን ይዘው፣ ዣንጥላቸውን አንጠልጥለው ከውጭ ተሰልፈዋል። ከጠዋት ጀምረው እንደቆሙ ፊታቸው ያስታውቃል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» አልኳቸው። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሲበተኑ አንዲት ሴትዮ ብቻ ቀርታ፣ ስድስተኛ ቀኗ እንደሆነ፣ ልጆቿን ጥላ እንደመጣች ነግራኝ አንድ ወረቀት በመስኮቱ አሾለከች። መጥሪያ ነው። የግራ ጉንጭ ነዋሪዎች በአቶ አሸብር ላይ ክስ ስላቀረቡ በአካል እንዲቀርቡ ይላል። አሸብር እኔ ነኝ።

«የማን ጉንጭ?» አልኳት።

«የራስዎ ነዋ» አለች፤ ሰልፉ ባይኖርም ሄዳ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች።

ውጭ ስወጣ ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ረዳቱ «ግራ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ፣ አንድ ሰው የቀረው» ይላል። የቀረው ሰው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ስንሞላ ታክሲውን ተሸከምነው። ሹፌሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከተማውን ያያል። ከንፈር ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ። አወረድነው፤ አመስግኖን በእግሩ ሄደ። እኔ በጥርሶቼ መሀል ሾልኬ ገባሁ።

የገዛ አፌን ከውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ሰፊ ነው። ይሞቃል። ምላሴ ዝናብ የመታው አስፋልት ትመስላለች፤ ጥርሶቼ እንደ ፎቅ ተደርድረዋል፤ አንዱ ፎቅ ላይ ትናንት የበላሁት የጎመን ቅጠል ተሰቅሎ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ሮዝ ነው። ከግድግዳው ሥር ዓይን እስከሚያየው ድረስ የሸማኔ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ በየጉድጓዱም አንድ ሸማኔ እግሩን ከታች አድርጎ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይሰዳል። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ከፊተኛው ጉድጓድ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ።

«አሸብር፣ መጣህ? ማሴቦ እባላለሁ። ቁጭ በል። ምላስህ ላይ ግን አትቀመጥ፤ ወሬ ከጀመረች አትመለስም።»

ጋሽ ማሴቦ እጃቸው ሥራ ሳይፈታ የሰፈሩን ሥርዓት ነገሩኝ። እዚህ ያለ ሸማኔ ሁሉ የሚሠራው አንድ ጥለት ነው። ጥለቱ የትም ወረቀት ላይ የለም። አንዱ ከአንዱ እያየ ይሠራዋል። የአንድ ሸማኔ ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ከመሄዱ በፊት ለተተኪው አሳይቶ ይሄዳል። ፈትሉ ድርብ ነው፣ እርስ በርሱ የተጠማዘዘ። ይኼኔ የባዮሎጂ መምህራችን ትዝ አሉኝ። በአንዲት ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ይሆናል ሲሉን፣ ከኋላ ወንበር «ነጠላ ይወጣዋል?» ብዬ ጠይቄ ከክፍል ተባርሬያለሁ። ጋሽ ማሴቦ ጉድጓድ ላይ ቆሜ ሳየው፣ ይወጣዋል። መምህሩን ባገኛቸው ልነግራቸው ፈለግሁ።

«አረንጓዴው ከእናትህ የመጣ ነው» አሉኝ። «ቢጫው ከአባትህ።»

አባቴን የማውቀው በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ይስቃል፤ ግራ ጉንጩ ላይ ስርጉድ አለች። እኔም ስስቅ እዚያው ቦታ ላይ ትሰረጉዳለች፤ እናቴ እኔ ስስቅ ፊቷን የምታዞረው ለዚህ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቢጫው ክር አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ እጥፍ ብሎ ይመለሳል። ሳቁ እዚያ ነበረ። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

«ይቺ እጥፋት ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው» አሉ ጋሽ ማሴቦ። «አሁን ያለችው እኔ ጋ ነው። እኔ ላይ እንዳትጠፋ ብዬ ነው ያስጠራሁህ።»

ምን ያጠፋታል ብዬ ሳልጠይቅ፣ ውጭ ያለው እኔ ሳበ። ውስጥ ያለው እኔ አየሁት። መጀመሪያ ከጥርሶቼ በላይ ሰማያዊ መብረቅ ብልጭ አለ፤ ቀጥሎ ነጭ ደመና እየተንከባለለ ገባ። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። አሮጌዎቹ ሸማኔዎች ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ አዲሶቹ ግን ሽታው ጥሟቸው ከጉድጓዳቸው ብቅ አሉ። ደመናው ሲያልፍ ከየአቅጣጫው ጥ፣ ጥ፣ ጥ የሚል ተሰማ። ክር ሲበጠስ ነው። ሱቅ ውስጥ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።

ወዲያው ቋጣሪዎች የሚባሉ ሴቶች እየሮጡ መጡ። ሥራቸው የተበጠሰውን እየፈለጉ መቋጠር ነው። ጥቂት ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አንደኛዋ የጋሽ ማሴቦን ክር እየቋጠረች፣ ማን መሆኔን ሳታውቅ፣ የዚህን አፍ ባለቤት ባገኘው ጣቱን ነው የምቋጥርለት አለች። ጋሽ ማሴቦ በጎን አዩኝ። እኔ ጣቶቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ስትሄድ ግን ራሴን ለመከላከል ሞከርኩ። ጭስ አይደለም እኮ፣ እንፋሎት ነው፣ አጫሹ ጎረቤቴ ናቸው አልኳቸው።

«ጭስ ሆነ እንፋሎት፣ ክሩን ማን ጠየቀው?» አሉ። «የተበጠሰ ተበጠሰ ነው። የጎረቤትህ ቢያንስ ይከረፋል፣ ሸማኔው ይሸሸጋል። ያንተ በፍራፍሬ ስም ነው የሚገባ፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚቀበሉት።»

ከጎናቸው ያለው ሸማኔ በዚህ መሀል መወርወሪያውን አስቀመጠ። ጥለቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሸማውን ጠቀለለ፣ ብብቱ ሥር አደረገ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሄደ። ደህና ሁኑ አላለም። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አይጠየቅም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። ጥለቱ ተቋጥሮ የማይድን ሲሆን ሸማኔው ራሱ ያውቀዋል። ሌላው የእሱን ስሕተት እያየ እንዳይሠራ ጠቅልሎ ይሄዳል። የሙያው ክብር ይኸው ነው። የሚያስፈራቸው የሚሄደው ሳይሆን አልሄድም የሚለው ነው።

አልሄድም ያለውን ወዲያ ማዶ አሳዩኝ። ሰፈርተኛው ሞደኛው ይለዋል። ጥለቱ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ እሱ ግን አዲስ ሞድ ነው ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሸማው ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ የጎረቤቱን ጉድጓድ ሞልቶ፣ እስከ ድዴ ተዘርግቷል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በዙሪያው ያሉት ወጣቶች እሱን እያዩ መሥራት መጀመራቸው ነው።

ይሄ ሕልም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ ሸማኔ እንቅልፍ አሸንፎት ጥለቱን አጣመመው። ጠዋት ገበያ ሲያወጣው ሰው አዲስ ሞድ መስሎት ተሻማበት። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አጣሞ ይሠራ ነበር። በሳምንቱ ቀጥ ያለ ጥለት የያዘ ሸማኔ እንደ ሰነፍ ታየ። እኔም ክሩን ስሸጥ «ለጠማማው ነው ለቀጥታው?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሞደኛውን ሳየው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ሄጄ እንዲያቆም ለመንኩት። በጣም ትሑት ሰው ነው። ከወገቡ ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ፤ እጁ ግን አልቆመም።

«ማቆሚያዋ ክር ነች የተበጠሰችው» አለኝ። «ደግሞ ወንድሜ፣ የበጠስካት አንተ፤ እኔን ምን አድርግ ትላለህ?»

ሸማው ጥሩ እንደሆነ ነግሬው ተመለስኩ።

ችሎቱ መንጋጋ ላይ ተሰየመ። ዳኛው የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርሴ ናቸው፤ መሀላቸው ላይ ጉድጓድ አለ፤ ሲናገሩ ያፏጫል። በዚያ አገር ተከሳሽ ይቀመጣልና እኔ ተቀመጥኩ፤ ዳኛው ቆሙ። የመጀመሪያው ምስክር አንድ ማንጎ ነበር። ልጣጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ።

«እኔ እዚያ ነገር ውስጥ ገብቼ አላውቅም» አለ። «ስሜን ብቻ ነው የወሰዱት። እናቴ ዛፍ ናት፤ በክብር ነው ያሳደገችኝ።»

ሰፈርተኛው ከንፈሩን መጠጠ፤ የራሴ ከንፈር ስለነበረ እኔም ተሰማኝ።

ቀጥሎ በሩ ላይ ሳል ተሰማ። ስድስት ሸማኔዎች ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ጥላሸት ለብሰው ገቡ። ከጎረቤት፣ ከጋሽ ድንበሩ ጉንጭ የተላኩ ናቸው። የእኔ ሸማኔዎች ሲያዩዋቸው ሳቁ፤ አንዱ እነዚህ ከሸማ ቤት ነው ከከሰል ቤት አለ። እኔም፣ መደበቅ አይቻልም፣ ሳቅኩ። ከእነሱ የምሻል መሆኔ ታየ ብዬ ነው። የእነሱ ሽማግሌ ሸማውን አራገፈው። ጥላሸቱ በነነ። ከጋሽ ማሴቦ ሸማ ጎን አነጠፈው። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቋጣሪዎቹም አዩ። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። የቱ የእኔ፣ የቱ የጋሽ ድንበሩ እንደሆነ ለመለየት ዳኛው መነጽር አስመጡ፤ መነጽሩም አልለየውም።

ሳቁ ቆመ።

«ፍርዱን ተከሳሹ ይስጥ» አሉ ዳኛው እያፏጩ። «ደመናውን ትዘጋዋለህ ወይስ አትዘጋውም? ቋጣሪዎቹ ደክመዋል። ማሴቦ ብዙ አይቆይም። ቶሎ በል።»

መልሱ ቀላል ነው። እዘጋዋለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ነው። ግን ሰው ሁሉ አየኝ። እንደዚያ ብዙ ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም፤ እኔ ሰው ሲበዛ እደነግጣለሁ። ስደነግጥ ደግሞ እጄ ልማድ አለው። ሳላስበው ኪሴ ገባ። ሳላስበው አወጣኋት። «እዘጋዋለሁ» ከማለቴ በፊት ትንሽ ልረጋጋ ብዬ፣ እዚያው አፌ ውስጥ ቆሜ፣ ሳብኳት።

ሰማያዊው መብረቅ ብልጭ አለ። ደመናው ከእኔ ወጥቶ በእኔው ላይ ዞረ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ። ሲገለጥ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ።

ጋሽ ማሴቦ መወርወሪያቸውን አስቀምጠዋል። ቢጫውን ክር በሁለት ጣታቸው ይዘው ጫፉን ይፈልጋሉ። ቋጣሪዋ መጥታ ከጎናቸው ተንበረከከች፤ ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፤ ከዚያ እጇን ከክሩ ላይ አነሳች። እጥፋቷ የለችም። ሽማግሌው ሸማውን ቀስ ብለው ጠቀለሉት፤ የሕፃን መታቀፊያ እንደሚጠቀለል። ብብታቸው ሥር አደረጉት። ከጉድጓዱ ሲወጡ ጉልበታቸውን አመማቸው መሰለኝ፣ እጄን ዘረጋሁላቸው፤ አልያዙትም።

«ጋሽ ማሴቦ፣ እዘጋዋለሁ፤ ይቆዩ» አልኩ።

አይጠየቅም እንዳሉት ነው። በጥርሶቹ መሀል ወደ ብርሃኑ ወጥተው ሄዱ። ልከተላቸው ስነሳ ምላሴ አደናቀፈችኝና ነቃሁ።

ነግቷል። አልጋዬ ላይ ነኝ። ቬፗ አፌ ውስጥ ነበረች፤ እንደ ጡጦ ይዣት ነው የተኛሁት። ድምፁ ግን አልቆመም። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። በሩ ላይ ጋሽ ድንበሩ ቆመው ጋዙ ያለቀ ላይተራቸውን ይለኩሳሉ፤ ሲጋራቸው ጆሯቸው ላይ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ክብሪት አለህ ወይስ ዛሬም በባትሪ ነህ?»

ይግቡ አልኳቸው። ክብሪት ግን አላነሳሁም። ብቻውን የሚኖር ሰው ሕልም ሲያይ የመጀመሪያውን ሰው ይዞ ነው የሚነግረው፤ አስቀመጥኳቸውና ከአህያዋ ጀምሬ ነገርኳቸው። ታክሲውን ስንሸከመው ሳቁ። የእኔ ሹፌርነት ዘመን እንዲህ ቢሆን ኖሮ ወገቤን አላመኝም ነበር አሉ። ማንጎው ሲምል እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ከጉንጫቸው የመጡትን ስድስት ባለጥላሸቶች ስነግራቸው፣ ስማቸውን ልንገርህ፣ እኔ ነኝ የማሳድራቸው አሉ። ጋሽ ማሴቦ ጋ ስደርስ ቶሎ ቶሎ ተናግሬ አለፍኩ፤ ያስተዋሉ አይመስለኝም።

«በል ክፈት እስቲ» አሉ ስጨርስ። «ያ ሞደኛ የምትለው ካለ እኔም አንድ ነጠላ ልዘዘው።»

ስልኬን ሰጠኋቸው፣ መብራቷን አበሩ። አገጬን ያዙኝ። እጃቸው ትምባሆ ትምባሆ ይላል። እስቲ ወደ መስኮቱ ዙር አሉኝ፤ ዞርኩ። ፎቁ ላይ ያለችው ጎመን እውነት ናት ብለው ሳቁ። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ጉንጬን በጣታቸው ወደ ውጭ ሳብ አደረጉት።

ሳቃቸው ቆመ። መብራቷ አንድ ቦታ ላይ ቀረች፤ ጣታቸው እዚያው፣ ከድዴ አጠገብ፣ ሻካራ ነገር ሲነካ ተሰማኝ። እንደቆምኩ ጠበቅኋቸው፤ አፍ ተከፍቶ መጠበቅ ደግሞ ረጅም ነው። «ምን አለ?» ልላቸው ፈልጌ «አ አአ?» አልኩ።

መብራቱን አጥፍተው ስልኬን አልጋው ላይ አስቀመጡት። ጆሯቸው ላይ ያለችውን ሲጋራ አውጥተው ለጥቂት ጊዜ አዩዋት፤ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቬፗ ጎን፣ አጋደሟት። ላይተራቸውንም ከአጠገቧ አኖሩት። ኮታቸውን አስተካከሉ። በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ።